ተልባው ቃጫውን ለምን አልለቅ አለ?

ጥያቄ፦ ለፈትል ብዬ የዘራሁትን ተልባ አጭጄ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። አድርቄ ስቀጠቅጠው ቃጫው ከአገዳው እንጨት አልላቀቅ አለ፤ የወጣውም አጫጭር ነው። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ አንደኛው ማጭዱ ነው። ቃጫው ከሥር እስከ ጫፍ ስለሚዘልቅ ተልባ ይነቀላል እንጂ አይታጨድም። የሚነቀለውም አበባው በረገፈ በወር ገደማ፣ የአገዳው የታችኛው ክፍል ቢጫ ሲሆን ነው። ዘሩንም ይመርምሩ፤ ለዘይት የሚዘራው አጭርና ቅርንጫፋም ነው። የቃጫው ዓይነት እስከ አንድ ሜትር ይመዘዛል፤ እሱም ቢሆን በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ግራም ተጠቅጥቆ ካልተዘራ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ዋናው ጥፋት ግን አገዳው ውሃ ውስጥ በደንብ አለመብሰሉ ነው። ቃጫውን ከእንጨቱ ያጣበቀው ፔክቲን የሚባል እንደ ሙጫ ያለ ነገር ነው፤ እሱን የሚበሉት ውሃው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ይበቃል፤ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሳምንትም ይፈጃል። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ ማውጣት አያስተማምንም። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ከነዶው መሃል (የዳሩ ያሳስታል) ሁለት ሦስት አገዳ መዘው ያድርቁ። ከዚያ አገዳውን ሁለት ቦታ ሰበር አድርገው እንጨቱን ሳብ ያድርጉት። ቃጫው ሳይበጠስ እንጨቱ ራቁቱን ከወጣ በስሏል፤ ነዶውን ያኔውኑ ያውጡ። እንጨቱ ላይ የቃጫ ጭረት ተጣብቆ ከቀረ ይቆይ። አንድ ቀን ካለፈበት ግን ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም። ያልበሰለ ግን ይመለሳል፦ ያልቀጠቀጡት አገዳ ካለ እንደገና ይዘፍዝፉት። ነዶው ስለሚንሳፈፍ ድንጋይ ይጫኑበት። ውሃውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ፤ ኦክስጅን ስለሚያሟጥጥ ዓሣ ይፈጃል።

ከመቀጥቀጥ በፊት አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይድረቅ። እርጥበት ያለው አገዳ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም።

ጥያቄ፦ ሳበጥረው አብዛኛው ማበጠሪያው ላይ እየቀረ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ከመሃል አይጀምሩ። ጭብጡን አጥብቀው ይዘው መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ያበጥሩ፤ ሲፈታ ትንሽ በትንሽ ወደ እጅዎ ይምጡ፣ ከዚያ ገልብጠው ሌላውን ጫፍ። ከሰፊ ጥርስ ወደ ጠባቡ ይሂዱ። የቀረው አጭር ቃጫም አይጣልም፤ ለወፍራም ክር ይፈተላል። ረጅሙን ሲፈትሉ ጣትዎን ውሃ እያስነኩ ይሁን፤ በደረቅ ጣት የተፈተለ ክር ጸጉራም ይሆናል።