የሀገረ ገዢውን ታሪክ ስትጽፉ ገበሬውንም ጠይቁ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማስተምረው ስለ ነገሥታት ነበር። የጠቅላይ ግዛትና የአውራጃ ገዢዎች ላይ ስደርስ ማዕረግና ዓመተ ምሕረት አስጽፌ አልፋለሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ አያቴ ለገዢው ስንት ግብር ይከፍል ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ስለ አካባቢያችሁ ታዋቂ ሰዎች ትጽፋላችሁ። በጣም ደስ ይለኛል። ግን የማነበው ወይ ውዳሴ ነው ወይ እርግማን።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ውሰዱ። በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ከራስ መኮንን ጋር አድዋ ዘመቱ። ከዚያ ሩሲያ ሄደው አደጉ፣ የመድፈኛ ትምህርትም ተማሩ። አገራቸው ተመልሰው የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር ጻፉ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። በኋላም እስከ ማዳጋስካር ተሰደዱ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። ይህንን ሁሉም ይጽፈዋል።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሐረርጌ ውስጥ ያለው ጨርጨር ነው። በ1910ዎቹ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አውራጃው ለሌላው አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ከተማ ቆረቆሩ። ባህር ማዶ የተማረ ሰው ያየውን ሥርዓት አገሩ መሬት ላይ ሊሞክረው ተነሳ። ስለዚህ አከብራቸዋለሁ፤ ይህንን አልደብቅም።

ግን አስቡት። የከተማዋን ስም ያወጣው ገዢ ነው፤ «ተፈሪ» የሚለውም የአልጋ ወራሹ ስም ነው። ዛሬ ከተማዋ ጭሮ ትባላለች። ስም ሲቀየር ከጀርባው ትዝታ አለ። ማሳው ከከተማዋ ዳር የነበረ የኦሮሞ ገበሬ ያን ዘመን ከቢሮ ጸሐፊው እኩል አያስታውሰውም። ለአንዱ ሥልጣኔ የመጣበት ዘመን ነው፣ ለሌላው ደግሞ ቀላድ የተጣለበት፣ መሬቱ በገመድ የተለካበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሳትሰሙ ብዕር አታንሱ። ሁለቱን መስማት ሰውየውን አያሳንሳቸውም። እንዲያውም ሥጋና ደም ያለብሳቸዋል።

ፊታውራሪ የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ትተዋል፣ ካረፉ በኋላም ታትሟል። አንብቡት። ግን ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ምን እንደሚያስቀድምና ምን እንደሚዘል ልብ በሉ። ቀጥሎ መዝገብ ቤት ግቡ። የግብር ደብተር አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ የተማሪዬ መልስ ያለው ግን እዚያ ነው። ሽማግሌ ስታናግሩም ፊት ለፊት «ጥሩ ገዢ ነበሩ?» አትበሉ። «ገበያው የት ይቆም ነበር? ወላጆቻችሁ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ በምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? እህል ለማን ያስገቡ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ወሬው ራሱ ይመጣል።

እባካችሁ ደግሞ ቶሎ በሉ። ያን ዘመን ከወላጁ አፍ የሰማ ሰው ዛሬ ሰማንያን አልፏል።

ጭሮ ያላችሁ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሚኤሶ ወደ ከተማዋ የሚወጣውን መንገድ በመጀመሪያ ማን እንደጠረገው ጠይቁልኝ። ያዘዘውን ሳይሆን፣ ዶማ ይዞ የቆፈረውን።