ጥያቄና መልስ፦ ካባ፣ ጭምብልና የሚገረጣ ወረቀት

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከልዕለ ጀግና ኮሚክ አፍቃሪዎች የመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «ቁጥር» የምንለው በየወሩ የሚወጣውን ስስ መጽሔት ሲሆን፣ «ቅጽ» የምንለው ደግሞ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ የተጀመረበትን ዙር ነው።

ጥያቄ፦ የስፓይደርማን ፊልም አንድ አልቀረኝም። ኮሚኩንም ከሥሩ ልጀምር ብዬ ስፈልግ «ቁጥር 1» የሚል አምስት ስድስት አገኘሁ። እውነተኛው የቱ ነው? (ድሩ የተወሳሰበበት)

መልስ፦ ሁሉም እውነተኛ ናቸው፤ ጣጣውም እሱ ነው። «ዘ አሜዚንግ ስፓይደርማን» በ1963 ተጀመረ። በ1999 እንደገና ከ1 ተቆጠረ፤ በ2003 ወደ ድሮው ድምር ተመልሶ 500 ተባለ፤ ከዚያ በ2014፣ በ2015፣ በ2018 እና በ2022 ዳግመኛ ከ1 ጀመረ። ምክንያቱ ንግድ ነው፤ «1» የተጻፈበት ሽፋን «547» ከተጻፈበት ይልቅ አዲስ ገዢ ይጠራል። የሚያስቀው ደግሞ ጀግናው መጀመሪያ የታየው ከእነዚህ በአንዱም አለመሆኑ ነው፤ በኦገስት 1962 «አሜዚንግ ፋንታሲ» በተባለ ሌላ መጽሔት ቁጥር 15 ላይ ነው።

የስፓይደርማን አሳታሚ የሆነውን የማርቭልን የቅርብ ጊዜ ሽፋኖች ልብ ብለው ካዩ፣ ከዋናው ቁጥር አጠገብ «ኤልጂዋይ» የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ሌላ ትንሽ ቁጥር ያገኛሉ። ያ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ያለው ድምር ነው። የ2018ቱ ቁጥር 1 በዚህ ስሌት 802ኛ ነው። ሁለት ቅጾች ከተምታቱብዎ የሚያስታርቅዎ ይኸው ነው።

ማንበብ ለመጀመር ግን ቁጥሩን ይተዉትና ደራሲውን ይከተሉ። አዲስ ደራሲ ሥራውን ሲረከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ አንባቢ እንዲገባው አድርጎ ነው። ነጠላ ቁጥር ከመልቀም ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ቁጥሮች የተሰበሰቡበትን ጥራዝ ይያዙ፤ የትኞቹን ቁጥሮች እንደያዘ ውስጥ በደቃቅ ጽሑፍ ተዘርዝሯል። ሌላኛውን ስፓይደርማን፣ ማይልስ ሞራሌስን፣ ከወደዱት በ2011 «አልቲሜት ፎልአውት» ቁጥር 4 ላይ ብቅ ብሎ በዚያው ዓመት የራሱን ቁጥር 1 አግኝቷል። ከሁሉ የሚቀለው በር ምናልባት የካማላ ካን «ሚስ ማርቭል» የ2014 ቁጥር 1 ነው፤ አስቀድሞ ምንም ማወቅ አይጠይቅም። በባትማን በኩል ለሚገባ፣ ከዋናው መጽሔት ቁጥር 404 እስከ 407 (1987) ያሉት አራት ቁጥሮች አነሳሱን ከሀ ብለው ይነግሩታል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ሁሉም ጀግኖች በአንድ ጦርነት በሚገናኙበት ታሪክ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ መጽሔት ካላነበብኩ ብለው አይጨነቁ። የሚከታተሉትን መጽሔት ይቀጥሉ፤ ግራ ከተጋቡ የጦርነቱን ዋና መጽሔት ብቻ ይጨምሩ፤ የቀረው ማጀቢያ ነው።

ጥያቄ፦ በ1980ዎቹ የታተሙ ሁለት ካርቶን ሙሉ ኮሚኮች ከወንድሜ ወረስኩ። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሽታም አላቸው። ላስቲክ ውስጥ ልክተታቸው? (ባለ ሁለት ካርቶን)

መልስ፦ ዛሬውኑ አይክተቱ። መጀመሪያ ያሽትቷቸው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ ወረቀቱ ራሱን እየበላ ነው፤ ምድር ቤት ምድር ቤት የሚል ከሆነ ግን ሻጋታ አለ። የሻገተውን ከጤነኛው ለይተው፣ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ከፈት አድርገው ያቁሙት። ፀሐይ ላይ አይሆንም፤ ቀዩና ቢጫው ቀለም ቀድሞ ይሄዳል። እርጥበት ያለው ወረቀት ላስቲክ ውስጥ ማሸግ ለሻጋታው ቤት መሥራት ነው።

ቢጫነቱ የሚመጣው ከወረቀቱ ከራሱ ነው። የዚያን ዘመን ኮሚክ አብዛኛው የታተመው ተፈጭቶ ብቻ በተዘጋጀ የእንጨት ወረቀት፣ ማለትም በጋዜጣ ወረቀት ላይ ነው። ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ስላልወጣለት ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል። አየር የሚገባው ከዳር ነውና ጠርዙ ቀድሞ ይገረጣል። የገረጣው አይመለስም፤ የተረፈውን ማቆየት ግን ይቻላል።

ላስቲኩ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤቲሊን ይሁን። ፒቪሲ ከሆነ (ከሩቅ የሚሸት፣ የሚለጠጥ ላስቲክ ነው) ከጊዜ በኋላ የሽፋኑን ቀለም ይዞ ይላቀቃል። ስፋቱም እንደ ዘመኑ ይለያያል፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ላለው 17.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለ1960ዎቹ 18.1፣ ለ1940ዎቹ 19.7 ገደማ ይሆናል። የሁሉም ቁመት 26.7 ነው። ጠባብ ላስቲክ ውስጥ የተገፋ ኮሚክ ማዕዘኑ ይቆለመማል።

ኮሚኩን ለመደገፍ ከጀርባው ላስቲክ ውስጥ የሚገባው ስስ ካርቶን አንዱ ገጽ ያብረቀርቃል፤ አሲድ የሚያረክስ ካልሲየም ካርቦኔት ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ ወደ ኮሚኩ ይዙር። አገባቡ እንዲህ ነው፦ ኮሚኩን ካርቶኑ ላይ ያስተኙ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ከታች ይዘው፣ የተጣጠፈውንና ሽቦ ያለበትን ጎን በአውራ ጣት እየደገፉ ያንሸራትቱ። ለየብቻ ካስገቧቸው የካርቶኑ ጫፍ የጀርባውን ሽፋን ይፍቀዋል። ክዳኑን ወደ ኋላ አጥፈው በፕላስተር ሲለጥፉ የፕላስተሩን ጫፍ ትንሽ እጥፍ አድርገው መያዣ ይተዉለት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጉዳት የሚደርሰው ኮሚኩ ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው፤ የተላቀቀ ፕላስተር ሽፋኑን ነክቶ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ሲያወጡ ፕላስተሩን ጨርሰው ይንቀሉ።

ላስቲኩና ካርቶኑ በየአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ ይቀየሩ። ማይላር የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ውድ ስለሆነ ለምርጥ አሥሩ ያድርጉት። ሳጥን ውስጥ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አይደራረቡ። ጣት እንደልብ የሚገባበት ያህል ክፍተት በቂ ነው፤ በጣም ከላላ ይጎብጣሉ፣ ከጠበበ ጠርዝ ይቀደዳል። ሳጥኑ ከወለል ከፍ ይበል። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀትና ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት መልካም ነው፤ ከፍና ዝቅ የሚል እርጥበት ግን ወረቀቱን ሲያሳብጥና ሲያኮማትር ስለሚኖር የባሰ ነው።

የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፣ የተጨማደደውን አይተኩሱ፣ የዛገውን ሽቦ አይንቀሉ። በእጃችሁ ምንም ባታደርጉ ይሻላል የሚባልበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ካፒቴን ማርቭል ሴት ናት ይለኛል። እኔ ያየሁት አሮጌ ኮሚክ ላይ ግን ቀይ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ ደግሞ የማርቭል ተፎካካሪ የሆነው የዲሲ ነው። ማን ተሳሳተ? (አስታራቂ ፈላጊ)

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። ቀይ ለባሹ በ1940 ፎሴት በተባለ አሳታሚ «ዊዝ ኮሚክስ» ቁጥር 2 ላይ ወጣ። ቢሊ ባትሰን የተባለ ልጅ «ሻዛም!» ሲል መብረቅ ወርዶ ጎልማሳ ጀግና ያደርገዋል። ቃሉ የስድስት ስሞች መነሻ ፊደል ነው፤ የመጀመሪያው የንጉሥ ሰለሞን ነው፣ ጥበብን የሚሰጠው። ኋላ ዲሲ የተባለው አሳታሚ «ሱፐርማንን ቀድታችኋል» ብሎ ከሰሰ፤ ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ፤ ፎሴት በ1953 ተስማምቶ ጀግናውን ማሳተም አቆመ።

ስሙ ባለቤት አልባ ሆኖ ሲቀር ማርቭል በ1967 ከሌላ ዓለም ለመጣ ወታደር ሰጠው። የንግድ ምልክቱም የማርቭል ሆነ። ዲሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቢሊን ከፎሴት ፈቃድ አግኝቶ ሲያስነሳው፣ መጽሔቱን በዚያ ስም መጥራት ስላልቻለ «ሻዛም!» አለው። ሽፋኑ ላይ ሻዛም፣ ውስጥ ግን ካፒቴን ማርቭል እየተባለ አራት አሥርት ዓመታት ገደማ ኖረ፤ እርስዎን ያደናገረዎት ኮሚክ ከዚያ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ጀግናውም ሻዛም ተባለ። ጓደኛዎ የሚላት ካሮል ዳንቨርስ ናት፤ በ1968 ታየች፣ በ1977 ሚስ ማርቭል ተባለች፣ ካፒቴን ማርቭል የሆነችው በ2012 ነው። ከእሷ በፊት በ1982 ሞኒካ ራምቦ ስሙን ይዛው ነበርና፣ ክርክሩን ለማሸነፍ ከፈለጉ እሷን ይምዘዙ።

ጥያቄ፦ ሱፐርማን የሞተበት ቁጥር 75 ጥቁር ላስቲኩ ሳይከፈት አለኝ። ምን ያህል ሀብት ነው? (ሳይከፈት የቆየ)

መልስ፦ ትዝታ ነው እንጂ ሀብት አይደለም። በ1992 መጨረሻ ሲወጣ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ አንድ ቀን ይወደዳል ብሎ ሁሉም አስቀመጠው። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር አይወደድም። የ1991 «ኤክስመን» ቁጥር 1ም ስምንት ሚሊዮን ገደማ ታትሞ በዚያው መንገድ ሄደ። የ1938ቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ውድ የሆነው ልጆች አንብበው፣ ቀደው፣ ወርውረው ስለጨረሱት ነው፤ ቀርቷል ተብሎ የሚገመተው መቶ ያህል ብቻ ነው። ጥቁሩ ላስቲክ እንደታሸገ ሰፋ ያለ ሌላ ላስቲክ ውስጥ ያኑሩት፤ ለማንበብ ደግሞ ያልታሸገ ቅጂ በርካሽ ይገዛሉ።

የእርስዎ ጥያቄ ሌሎቹንም ስለሚመለከት፣ አሮጌም ሆነ አዲስ ቁጥር ሲገዙ የሚታዩትን እንንገርዎ። በቅርብ ዓመታት ኮሚክ ላይ ከባርኮዱ ጎን አምስት ትናንሽ አኃዞች አሉ። ሦስቱ ቁጥሩን፣ አራተኛው የሽፋኑን ዓይነት፣ አምስተኛው ስንተኛ ሕትመት እንደሆነ ይናገራሉ። 00111 ማለት ቁጥር 1፣ ዋናው ሽፋን፣ የመጀመሪያ ሕትመት ነው። 00112 ከሆነ ሁለተኛ ሕትመት ነው፤ ሻጩ ምንም ቢምል።

በ1970ዎቹ የማርቭል ኮሚኮች ውስጥ ደግሞ ገጽ በገጽ ይግለጡ። በወቅቱ ቆርጦ የሚሰበሰብ ቴምብር መሰል ሥዕል ይታተም ነበርና ብዙ ልጅ መቀስ አንስቷል። ዎልቨሪን በሙሉ ታሪክ የገባበት የ1974ቱ «ዘ ኢንክሬዲብል ሃልክ» ቁጥር 181 ከውጭ እንከን የሌለው ሆኖ ውስጡ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ሊገኝበት ይችላል፤ ያኔ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። «አክሽን» ቁጥር 1 አገኘሁ ለሚልም ማስመሪያ ይበቃል። በ1974 በትልቅ መጠን፣ 25 በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ታትሞ ነበር፤ የውጭ ሽፋኑ ሲገነጠል ከውስጥ የ1938ቱ ሽፋን ይወጣል፤ አታላዮች የሚሸጡት እሱን ነው። ዋናው ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ቁጥር 75 ሽፋኑ ላይ ጃንዋሪ 1993 ይላል፤ እናንተ 1992 ትላላችሁ? (ቀን ቆጣሪ)

መልስ፦ ሽፋኑ ላይ ያለው ወር ሻጩ ከመደርደሪያ የሚያነሳበት ነበር፤ ገበያ ላይ የሚወጣው ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ነው። ልጅዎ የተወለደበትን ወር ኮሚክ ሲፈልጉ ይህን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ለልዕለ ጀግና ልብሴ ከፎም የሠራሁት የትከሻ ጋሻ ገና ሁለት ጊዜ ለብሼው ቀለሙ ተሰነጣጠቀ፤ መጋጠሚያውም ተከፈተ። (ጋሻ ጃግሬ)

መልስ፦ ስንጥቁ የመጣው ቀለሙ ከፎሙ ጋር መታጠፍ ስላልቻለ ነው። ኢቫ ፎም ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ቀዳዳው ካልተዘጋ ቀለም ይጠጣል፣ ሰው ደግሞ እየደጋገመ በወፍራሙ ይቀባል፣ ወፍራም ቀለም ይሰበራል። ለትከሻ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል (ለደረት 10፣ ለጌጥ 2)። በአዲስ ምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ከመቀባትዎ በፊት ሂት ገን በተባለው ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ ከ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሳያቆሙ ያሙቁት፤ ደብዛዛው ገጽ ለስለስ ብሎ ሲያብረቀርቅ ቀዳዳው ተዘግቷል። የትከሻውን ቅስት የሚያወጡትም ያኔ፣ ትኩስ እያለ ነው። ከዚያ የሚለጠጥ ጎማ ነክ ማሸጊያ በሦስት አራት ስስ ንብር፣ በመካከሉ ግማሽ ሰዓት እየጠበቁ ይርጩ፤ አክሪሊክ ቀለሙ በዚያ ላይ ስስ ሆኖ ይከተላል።

መጋጠሚያው የተከፈተው ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ስለተጣበቀ ይመስለናል። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ይቀቡ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን ያገናኙ። አንዴ ከተነካካ አይስተካከልምና ከአንድ ጫፍ ጀምረው ይጫኑ። መስኮት ይከፈት፣ ለጭሱና ለአቧራው ባለ ማጣሪያ ጭምብል ይደረግ። አሁን የተሰነጠቀውን ጋሻ ደግሞ ከላይ ደርቦ መቀባት አያድነውም፤ የሚፈረፈረውን ልጠው አውጥተው፣ የሸካራነት ደረጃው 240 በሆነ ሸካራ ወረቀት አለስልሰው ከማሸጊያው ይጀምሩ።