በሁለቱ ክቦች መሃል ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ እንሰትንና ሙዝን በቬን ዲያግራም አነጻጽሪ ተብላ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ሁለት የተደራረቡ ክቦች ሠራችና መሃሉ ላይ «ሁለቱም ተክል ናቸው፣ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው» ብላ ደብተሯን ዘጋች። አልጣመኝም። ግን ምን ብዬ ላርማት?
እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ቢያስከፋሽ አይገርምም። የጻፈችው ስህተት የለበትም፣ ግን ምንም አይነግረንም። ማንጎም ተክል ነው፣ ቡናም አረንጓዴ ነው። እንዲህ በያት፦ መሃል ላይ የጻፍሽውን ማንጎ ላይ ሞክሪው፤ ለማንጎም ከሠራ ሰርዢው።

ጅማ ሆናችሁማ መልሱ ጓሮ ነው ያለው። የተቆረጠ የሙዝ ግንድ ፈልጊና አሳዪያት። እንጨት የለውም፤ የቅጠሎቹ እግር አንዱ በሌላው ላይ ተጠቅልሎ ነው ግንድ የመሰለው፣ በእጇ ስትስበው እየተላጠ ይመጣል። እንሰትም እንደዚያው ነው። ይሄ መሃል ይግባ። ቅጠላቸው ዳቦ ሲጋገር መነጠፉም ይግባ። ሁለቱም ከአንድ የተክል ቤተሰብ ናቸው፣ እሱም ይግባ። እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ይሄን ነው፦ የሁለቱም ግንድ አንዴ አፍርቶ ይሞታል።

ልዩነቱም ከዚሁ ይመዘዛል። የሙዝ ግንድ ሲሞት ከሥሩ የበቀሉት ቡቃያዎች ይተኩታል። እንሰት ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይተካም፤ ገበሬው ግንዱን ቆርጦ፣ እምብርቱን አውጥቶ፣ አሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ክፍሉን) አፈር ሲያለብሰው ነው ችግኝ የሚያወጣው። አየሽ፣ ጥያቄው አንድ ነው፣ «እንዴት ይራባል?»፣ መልሱ ሁለት። በግራ «ቆጮ ይሆናል» ብላ በቀኝ «ቢጫ ነው» ካለች ግን ማነጻጸር አይባልም። ከእንሰቱ የሚበላው ግንዱና አሚቾው ከሆነ፣ ከሙዙስ የሚበላው ምኑ ነው? ፍሬው። እንዲህ ጥንድ ጥንዱን ትጻፍ።

ዲያግራሙን በ1880 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሎጂክ ሊቅ ጆን ቬን ነው። ከእሱ በፊት የሒሳብ ሊቁ ኦይለርም ክብ ይጠቀም ነበር፣ ግን የሚጋሩት ከሌለ ክቦቹን ለያይቶ ነው የሚሥለው። ቬን ሁሌም ያደራርባቸዋል፣ ባዶ የቀረ ቦታ ራሱ መልስ ነው። ልጅሽ ቡናን ሦስተኛ ክብ አድርጋ ብትጨምር በክቦቹ ውስጥ 7 ክፍል ታገኛለች፤ ለ6ኛ ክፍል ግን ሁለቱ ይበቃሉ።

አንድ ነገር ግን ክብ ውስጥ አታስገባ፦ መጠንን። ሙዝ በዓመት ገደማ ሲደርስ እንሰት በርካታ ዓመታት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ከሥሩ ትንሽ ሰንጠረዥ ተሠርቶለት ቢቀመጥ ይሻላል።