ካያክ ጭኖ ጣርማ በርን ማለፍ

እህታችን፣ የጻፍሽው ገብቶኛል። አልጋና ምድጃ ባለው ሞተርሆማችሁ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ቤተሰቡ በሙሉ ወሎ ውስጥ ወዳለው ሐይቅ ልትሄዱ ነው፤ ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) አላችሁ፤ ጣሪያ ላይ እንጫነው፣ ከኋላ እንስቀለው ወይስ ተሳቢ እንጎትት ነው የምትዪው። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ በአይሱዙ ላይ በተሠራ ተመሳሳይ መኪና እንግዶች ይዤ በዚያው መንገድ እመላለሳለሁ፤ አንዳንዶቹም ካያካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሐሳቤን ልናገር፦ ለዚህ መንገድ የምመርጠው በአየር የሚነፋውን ካያክ ነው። ጠንካራው የግድ ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚሄድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጉና በእሱ መኪና ፖርቶ መጋላ ላይ ጫኑት፤ የሞተርሆሙን ጣሪያ ተዉት።

ክብደቱ አይደለም የሚያስፈራው። አንድ የፕላስቲክ ካያክ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ቢመዝን ነው። ጣጣው ከፍታው ላይ ነው። የሞተርሆም ጣሪያ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። አራት ሜትር ተኩል የሚረዝም ነገር እዚያ ላይ ለማውጣት አንዱ መሰላል ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ሆኖ መግፋት አለበት፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ደግሞ መሰላል ላይ ያለውን ሰው አያዝንለትም። ጣሪያው ራሱም እንደ አውቶቡስ ጣሪያ የሚረገጥ አይደለም። በብዙዎቹ ላይ ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ፎም አለ። ሰው ሲቆምበት መገጣጠሚያው ይላቀቅና ክረምት ሲገባ አልጋችሁ ላይ ያንጠባጥባል። ካያኩን የሚሸከመው ብረት ከሽፋኑ ጋር ሳይሆን ከግድግዳው አጽም ጋር መታሰር አለበት፤ ይህን ደግሞ ያገኘነው ብየዳ ቤት ሁሉ አይሠራውም።

ብዙ ሰው ዋሻው ያስፈራዋል። ጣሊያን በሠራው የጣርማ በር ዋሻ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ሲያልፉበት ኖረዋል፤ እናንተም ታልፋላችሁ። የሚያስቸግረው የሆቴል መግቢያ በር፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ፣ በየከተማው የረገበ የመብራት ሽቦና የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ካያኩ ከተጫነ በኋላ ከመሬት እስከ ጫፉ በሜትር ለኩና ቁጥሩን ከመሪው ፊት ለጥፉት።

ከኋላ መስቀልን እርሱት። ወደ ጎን ካጋደማችሁት ከመኪናው ወርድ በሁለቱም በኩል አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ባጃጁም ግመሉም በዚያች አንድ ሜትር ውስጥ ነው የሚያልፈው። ካቆማችሁት ደግሞ ከጣሪያውም በላይ ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ ካያኮችና ማንጠልጠያው 80 ኪሎ ቢሆኑና ከኋላ ጎማ 2 ሜትር ርቀው ቢሰቀሉ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 4 ሜትር ባለው መኪና ላይ ከፊት ጎማ 40 ኪሎ ይነሳል፣ በኋላው ላይ 120 ይጫናል። የውኃው ጋን ሞልቶ ዳገት ስትወጡ መሪው እንደቀለለ ይታወቃችኋል።

ተሳቢውን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። መጫኑና ማውረዱ ከሁሉም ይቀላል፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጥምዝ ላይ ከኋላ የሚገፋ ነገር ግን አልፈልግም። ከመጣ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ፍሬን ሳያግሉ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማያስበው አየሩን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ደጋው ላይ የአየሩ ግፊት ቀላል ነው፣ ቆላው ላይ ይከብዳል፤ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር መካከል ያለው ልዩነት ከ0.15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከተራዎቹ የሚነፉ ካያኮች ብዙዎቹ የሚፈቅዱት ግፊት ራሱ ከ0.1 እስከ 0.25 ባር ነው። አንድ እንግዳዬ ሐይቅ ላይ የነፋውን ካያክ ሳያተነፍስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስሮ ተመለሰ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ካያኩ ለስልሶ አገኘው፤ እንዲያውም ማሰሪያው ረግቦ ነበር። ቀዳዳ ያለው መሰለውና ጎሚስታ ቤት ወስዶ አስነፋው። ብትተወው ይሻላል ብለው እንዴት ይስማኝ! ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ሆዱ ተወጠረ፣ ማሰሪያው ጎኑ ውስጥ ሰመጠ፤ ከዚያ በስፌቱ በኩል ሲተነፍስ ከሾፌር ወንበር ሆኜ ሰማሁት። ያበጠው ይፈንዳ ማለት ያን ቀን ነው። የደጋው ብርድ ግፊቱን ጥቂት ቢቀንሰውም አላዳነውም። ስለዚህ የሚነፋ ካያክ ከውኃ እንደወጣ ይተንፍስ፣ ይታጠፍ፣ ውስጥ ይግባ።

ጠንካራውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የእናንተ ካያኮች ከፊትና ከኋላ በክዳን የሚዘጋ የዕቃ ቦታ ካላቸው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ወደ ቆላ አትውረዱ። ክዳኑ ምንም አየር የማያስገባ ቢሆን፣ የ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ክዳን ሸዋ ሮቢት ላይ የውጭው አየር ከ40 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውስጥ ይጫነዋል። አንዳንድ ሠሪዎች ለዚህ ሲሉ በዕቃ ቦታው የውስጥ ግድግዳ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ይተዋሉ። ከሌለው የክዳኑን አንድ ጥግ ከፈት አድርጋችሁ ጫኑት።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም ጣሪያው ላይ ነው የምንጭነው ካላችሁ፣ ካያኩ በሆዱ ሳይሆን በጎኑ ይቁም ወይም ተገልብጦ ይተኛ። ሰፊ ጨርቅ ማሰሪያ እንጂ የናይለን ገመድ አትጠቀሙ። ማሰሪያውን አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ካደረጋችሁት ነፋስ ሲመታው እንደ ማሲንቆ አያዜምባችሁም። እስከ መጨረሻው አታጥብቁት፤ ይህ ፕላስቲክ በቆላው ፀሐይ ይለሰልሳል፤ ማሰሪያው ያረፈበትም ቦታ ይሰረጉዳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት መቆማችሁ ስለማይቀር እግረ መንገዳችሁን ማሰሪያውን በእጃችሁ ሞክሩት፤ ሸዋ ሮቢት ላይም ድገሙት። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉና ነፋሱ ሲመጣ ካያኩን በቦታው የሚያቆየው ከአፍንጫውና ከጅራቱ ወደ መኪናው ጫፍ የሚወጠረው ገመድ ነው፤ እሱን አትርሱ። መቀመጫው ዝናብ እንዳይሞላው ይሸፈን። ካያኩን በሙሉ ግን በሸራ አትጠቅልሉት፤ በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በየኬላው ያስፈታችኋል። ገላጣ ከሆነ ፈታሹ አይቶ፣ ምናልባትም ስቆ ያሳልፋችኋል።

ከመንገዱ ወጣ ብለን ጀማ ወይም ወንጭት ወንዝ ላይ እንሞክረው የሚል ሐሳብ ካላችሁ፣ ከነልጆቹ አይሆንም። በበጋ ድንጋይ ነው የሚቀዝፉት፣ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ነው፤ ገደሉን ካያክ ተሸክሞ መውጣቱም አለ። ሐይቅ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ታገሡ። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያው መስመር ሾፌሮች ጠይቁ።

የሚነፋውን ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ የመኪናችሁን የአልጋ ሥር ዕቃ ማስቀመጫ ርዝመትና ስፋት ለኩና እዚህ ጻፉልኝ፤ የበሩንም ወርድ ጨምሩበት። ለሁለት ሰው የሚሆነው ታጥፎ ከነፓምፑ ይግባ አይግባ እነግራችኋለሁ።