ፍራሽ ሥር የተገኙት ኪኒኖች

ጥያቄ፦

«የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እናታችን ስትሞት ታናሽ እህቴ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ድሬያታለሁ። አሁን 23 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወራችንን ይዘናል። ባሏ ሪያድ ከሄደ አምስት ወሩ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ትሠራ ነበር፤ ብቻዋን በኪራይ ቤት ምን ይውጣታል ብዬ ሥራውን አስትቼ ቤቴ አመጣኋት። ያላደረግኩላት የለም። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ኪኒኗን ከእጄ ከቡናዋ ጋር። ሌሊት አንድ ነገር ብትሆን ብዬ እዚያው ክፍል አብሬያት አድራለሁ። ቀጠሯችን አንድም ቀን አልፎን አያውቅም። እሷ ግን ፊቷን አጥቁራብኛለች። ሌሊት ስልኳን ይዛ ግቢ ትወጣና ብርድ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ዱበርቲዎች (ዱዓ የሚያደርጉ ሴቶች) ጠርቼ ዱዓ ሳስደርግላት ከጓዳ አልወጣም ብላ አዋረደችኝ። በሳምንቱ አልጋዋን ሳነጥፍ ፍራሹ ሥር በሶፍት የተጠቀለለ አሥራ አራት የደም ማነስ ኪኒን አገኘሁ። ስቆጣት ‹እትዬ፣ መተንፈስ እፈልጋለሁ፤ ኮምቦልቻ ልመለስ› አለችኝ። ስምንት ዓመት በትዳር ስኖር ለራሴ እንኳ እንዲህ ደክሜ አላውቅም። ልጁ ቢጎዳስ? ልቧን ምን እንዳደነደነው ንገሩኝ።»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ የደነገጡት በኪኒኑ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። አሥራ አራት ፍሬ የሁለት ሳምንት መጠን ነው። ፅንሱ የሚፈልገውን ብረት ከእናቱ ክምችት ስቦ ስለሚወስድ፣ እጥረት ሲመጣ ቀድማ የምትደክመው እናቲቱ ናት። ስለዚህ «ልጁ ተጎዳ» ብለው እንቅልፍ አይጡ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የደም መጠኗ (ሄሞግሎቢን የሚባለው) ይለካ። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል። (ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የደጋ ሰው የደም መጠን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል ባለሙያው ቁጥሩን ሲያነብ ይህንንም ያሰላል።)

የብረት ኪኒን ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰገራ ያጠቁራል። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የአንጀትን እንቅስቃሴ ቀድሞውኑ ስላዘገመው ድርቀቱ ይብሳል። የሰገራው መጥቆር ጉዳት የለውም፤ ያልተነገራት ሴት ግን ውስጧ የደማ ሊመስላት ይችላል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ቢከፋዎትም ልንገርዎ፦ ኪኒኑን የሚሰጧት ከቡና ጋር ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዱታል። ከአቦሉ ጋር የዋጠችው ኪኒን ጥቅሙ ብዙውን ባክኖ፣ የሆድ ድርቀቱ ግን ሳይቀነስ ነው የደረሳት። ማታ ከመኝታ በፊት፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ፣ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት አንድ ሁለት ሰዓት አርቃ ብትወስደው ይሻላል። እንዲያም ሆኖ ካስቸገራት አዋላጅ ነርሷ ዓይነቱን ወይም አወሳሰዱን ልትለውጥላት ትችላለች።

ገንፎውም እንደዚሁ ነው። በ30ኛው ሳምንት ገደማ ማህፀን ጨጓራን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ አንድ ሙሉ ሳህን ገንፎ በቅቤ በአንድ ጊዜ ሲገባ ቃር ሆኖ ይመለሳል። ያንኑ ለአምስት ለስድስት ከፍላ ብትበላውና ከበላች በኋላ ቶሎ ጋደም ባትል ይቀላታል። «መተንፈስ እፈልጋለሁ» ያለችዎም በከፊል እንደ ቃሉ ሊሆን ይችላል፤ ያደገው ማህፀን ሳንባዋን ከታች ይጫነዋል። አርፋ ተቀምጣ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ልቧ የሚመታባት፣ ከንፈሯ የሚገረጣ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እስካሁን ያልኩትን አንዲት አዋላጅ ነርስ በአምስት ደቂቃ ትነግራችሁ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እህትዎ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ሆዴን አደረቀው» ለማለት ምን አገዳት? ኪኒኑን ምላሷ ሥር ይዛ፣ እርስዎ ዘወር እስኪሉ ጠብቃ፣ በሶፍት ጠቅልላ ከመደበቅ «አልወስድም» ማለት ይቀል አልነበር? ደግሞ የደበቀችበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ሽንት ቤት ብትጥለው ማንም አያገኘውም። እሷ ግን አልጋውን የሚያነጥፉት እርስዎ መሆንዎን እያወቀች ፍራሹ ሥር ሰበሰበችው። እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን አንድ ልቧ እንዲገኝባት የፈለገ ይመስለኛል። በአፏ ማውጣት ያቃታትን ነገር እጅዎ እንዲያገኘው አኑራው ይሆናል።

ለምን በአፏ አልወጣም? መልሱ እርስዎው በጻፉት ውስጥ አለ፦ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ድሬ። የእናት ምትክ ሆነዋል፤ የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን ውለታ የተቀባዩን አፍ ያስራል። ገና በ11 ዓመቷ እጅዎ ላይ የወደቀች ልጅ፣ ካልፈለገችው እንጀራ እስከ ካልፈለገችው ትዳር ድረስ፣ «እምቢ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ የሚሰማው «ክጄሻለሁ» ሆኖ ነው። ባዳ ቢሆን ትመልስለት ነበር። ለእርስዎ ግን የምትመልሰው ስለሌላት አካሏ ይመልስልዎታል፦ ምግብ አይወርድላትም፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ ኪኒኑ ፍራሽ ሥር ይገባል። እርስዎ ልብ መደንደን ያሉትን እኔ የማነበው የተበዳሪ ዝምታ አድርጌ ነው። እርስዎ ባደረጉላት ቁጥር ብድሩ ይከብዳል፣ ብድሩ በከበደ ቁጥር አፏ ይዘጋል፣ ዝም ባለች ቁጥር እርስዎ «ምን ጎደለ?» ብለው ይጨምሩላታል።

በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ የቆየ አንድ ልዩነት አለ። አንዱ ለሰው የተደረገለት እርዳታ ነው፤ ሌላው «ቢቸግረኝ የምጠራው ሰው አለኝ» የሚለው የራሱ እምነት ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ከአእምሮ ጤና ጋር ጎልቶ የሚያያዘው ሁለተኛው ነው። «ቢቸግረኝ እጠራለሁ» ለማለት ደግሞ ሳትጠራም መቆየት መቻል አለባት። እህትዎ ጋ ሳይጠሩ የሚመጡት እርስዎ ነዎት፤ ሌሊቱን እንኳ እዚያው ነዎት። እንግዲህ ማንን ትጥራ?

የግቢው ለቅሶ ያልገባዎት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሪያድና ደሴ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ባሏ ከሥራ ሲገባ እዚህም መሽቷል። ከልጇ አባት ጋር የምታወራበት ሰዓት ያ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያን ሰዓት ደግሞ እርስዎ አጠገቧ ተኝተዋል። የደሴን ብርድ የመረጠችው ወዳ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የምታለቅስበት ጥግ አጥታ ነው። የዱዓው ቀንም ተመሳሳይ ሳይሆን አይቀርም። ዱበርቲ ለነፍሰ ጡር ትልቅ ማጽናኛ ነው፤ እሷ ራሷ «እትዬ፣ ጥሪልኝ» ያለች ቀን። ሳትጠየቅ ስትደርስባት ግን ሆዷ ለመንደር የወጣ ያህል ሊሰማት ይችላል።

አሁን ወደሚያሳሳው ቦታ ልግባ። «ሰባተኛ ወራችንን ይዘናል» ብለዋል፣ «ቀጠሯችን» ብለዋል። በአማርኛ በፍቅር እንዲህ ይባላል፤ ለታመመ ልጅም «ትኩሳታችን ወረደ» እንላለን። ሆኖም «ልጁ ቢጎዳስ?» ብለው ሲጠይቁ «እሷስ ብትጎዳ?» የሚለው አብሮ አልመጣም። ከዚያ በፊት ደግሞ «ስምንት ዓመት በትዳር ስኖር ለራሴ እንኳ» የምትል አንዲት ሐረግ አለች። ስምንት ዓመት ብለው ስለ ልጅ ምንም አላሉም። ምክንያቱን አላውቅም፣ እንዲነግሩኝም አልጠይቅም፤ ጭራሽ የሌለ ነገር እያነበብኩ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ግን ያረገዘችውን እህት እያበላ፣ እያስተኛ፣ ቀጠሮ እየቆጠረ የራሱን ያልተነካ ኀዘን የሚያስታምም ሰው ብዙ ነው፤ ነውርም የለውም። ችግር የሚሆነው ያ ኀዘን የራሱ ቦታ ሲያጣና የእህትዎን እርግዝና ቦታ ሲወስድ ነው። የራስዎ የሆነ ነገር ካለ የራስዎ ሰው ያስፈልገዋል፤ እሷ ልትሸከመው አትችልም።

የእሷን ለቅሶ ደግሞ በ«እርጉዝ ሆድ ይብሳታል» አንለፈው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን የሚቆይ ኀዘን፣ ደስ ይላት ከነበረው ነገር መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን መውቀስ ካለ የእርግዝና ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማልም። ኤዲንብራ የሚባል ያለፉትን ሰባት ቀናት ስሜት የሚለካ የአሥር ጥያቄዎች መጠይቅ አለ፤ መጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። እርስዎም ረጋ ብለው «ሞቼ ባረፍኩ የሚያሰኝሽ ጊዜ አለ?» ብለው ሊጠይቋት ይችላሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አይተዉአት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት። ቀድሞ ደሴ ሪፈራል ይባል የነበረው ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አለው።

ምን ላድርግ ካሉ፣ በጥቂቱ ልበል፤ ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ ሌላ ክፍል ይተኙ። በሩ ገርበብ ይበል፣ ስልክዎ ክፍት ይሁን፣ «ብትጠሪኝ እሰማለሁ» ይበሏትና ይሂዱ። ኪኒኑን ለእሷ ያስረክቡ፤ ወሰደች አልወሰደች ብለው ግን አይቁጠሩ። ስለ ፍራሹ አንድ ጊዜ ብቻ «ለምን እንዳልነገርሽኝ ገብቶኛል» ይበሏት፤ ከዚያ በኋላ አያንሱት። እውነት ለመናገር፣ ከሁሉም የሚከብድዎ ይህ አለማንሳቱ ይሆናል።

ኮምቦልቻን በተመለከተ ከእሷ ወገን ነኝ፣ በግማሽ። ሥራውን «አስትቼ» ሲሉ ደመወዟና የሥራ ጓደኞቿ፣ ከእርስዎ ውጭ የነበራትም ኑሮ አብሮ ቀርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፣ ለምርመራ ፈቃድ ይሰጣታል፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ያሳርፋታል። ፈቃድ ወስዳ ነው የወጣችው ወይስ ዝም ብላ ቀርታ? ይህን ቶሎ አጣሩ። ሐኪሟ ካልከለከላት ለጥቂት ቀን ኮምቦልቻ ሄዳ ብትመለስ ክፋቱ አይታየኝም፤ ጉዞው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፣ አየሩም ሞቅ ይላል። ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ብቻዋን ማደሯ ግን አይመከርም። የት እንደምትወልድ፣ ማን አብሯት እንደሚገባ እሷ ትወስን፤ የመኪናውን ነገር እርስዎ ያዘጋጁ። ከየትም ብትሆን ደም ከፈሰሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣባት፣ ፊትና እጇ ካበጠ፣ ካተኮሳት፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ሁለታችሁም የምክር ባለሙያ ፊት ለፊት ብታገኙ እወዳለሁ፤ ለየብቻ ግን፣ በአንድ ቀጠሮ አይደለም። ቶሎ ለውጥ አይጠብቁ። ለአሥራ ሁለት ዓመት «እሺ» ያለች ልጅ በሳምንት ውስጥ «እምቢ» ማለት አትለምድም፤ ስትጀምረውም መጀመሪያ ቁጣ ይመስላል።

የሚቀጥለው ክትትል ቀን ሲደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው ስምንት ጊዜያት አራተኛው መሆኑ ነው። ካርዷን እሷ ትያዝ፣ እሷ ብቻዋን ትግባ። እርስዎ ውጭ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ። ስትወጣ «ምን አሉሽ?» አይበሏት። ከነገረችዎ ይስሙ፤ ካልነገረችዎ ደግሞ ቁልቁል ፒያሳ ድረስ አብራችሁ እየሄዳችሁ ስለሌላ ነገር አውሩ።