አዲሱ ስልክ ከቪትዙ ቴፕ ጋር አልግባባ ሲል

የዛሬው ጠያቂ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ። ጥያቄያቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ቪትዝ አለኝ። ቴፑ ከጃፓን አብሮት የመጣ ባለስክሪን ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። የድሮው ስልኬ በብሉቱዝ ጥሩ አድርጎ ይሠራ ነበር። በቅርቡ ሳምሰንግ ገዛሁና አሮጌውን ለሴት ልጄ ሰጠኋት። አዲሱ ግን እምቢ አለ። ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የማላነበው ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንድ ቀን እንዲያውም መኪናውን ከግቢ ሳላወጣ የልጄ ጓደኛ ድምፅ በመኪናው ስፒከር መጣ። አንድ ቴፕ የሚገጥም ወጣት ‹ይሄማ አርጅቷል፣ አንድሮይድ ስክሪን ያስገቡ› አለኝ። ልግዛ?»

ጋሼ፣ አይግዙ። ቢያንስ ገና አይግዙ።

የልጅዎ ጓደኛ ድምፅ በስፒከሩ መምጣቱ ግማሹን መልስ ነግሮናል። የቴፑ ብሉቱዝ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ያ ድምፅ ከየት ይመጣል? ቴፑ ጤነኛ ነው። ችግሩ አሁንም የሚያውቀው የድሮውን ስልክ መሆኑ ነው።

የመኪና ቴፕ ቁልፍ ሲዞር ነቅቶ የሚያውቃቸውን ስልኮች መጥራት ይጀምራል። አብዛኛው ቀድሞ የሚጠራው መጨረሻ ላይ የተገናኘውን ነው። ብሉቱዝ ደግሞ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል። መኪናው ግቢ ውስጥ ከቆመ፣ ልጅዎ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታወራ እንኳ ቴፑ ስልኳን ሊይዘው ይችላል። እሷ «ድምፁ ጠፋብኝ» ትላለች፤ እርስዎ መኪና ውስጥ ወሬዋን ይሰማሉ። በዚያ ሰዓት አዲሱን ስልክ ለማስገባት ቢሞክሩ ቴፑ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የእሷን ብሉቱዝ ያስጠፉ። የጆሮ ማዳመጫና ስማርት ሰዓት ካለዎትም እነሱንም ያጥፏቸው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ያ ብልጭ የሚለው ጽሑፍ ላይ ነው። ብዙ የቶዮታ ቴፖች 5 ስልክ ድረስ ብቻ ነው የሚመዘግቡት። መኪናዎ ደግሞ ሰው ሲነዳው የኖረ መኪና ነው። ጃፓን ያሉት የቀድሞ ባለቤት ተመዝግበው ይሆናል፤ ቤተሰባቸውም እንደዚያው። እዚህ ከገባ በኋላ ደግሞ የሞከረው ደላላ አለ፣ ከእርስዎ በፊት የነዳው ሰው አለ፣ ከዚያ የእርስዎ የድሮ ስልክ። ሞላ! ጽሑፉ «ቦታ የለም፣ አንዱን ይሰርዙ» የሚል ቢሆን አይገርመኝም።

ግን ለምን እንገምታለን? ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና ጽሑፉ ሲመጣ በቪዲዮ ትቅረጸው። ቪዲዮውን ጽሑፉ ላይ አቁማ ፎቶ ታንሳው፤ ፎቶውን ጉግል ትራንስሌት ውስጥ ከፍታ ከጃፓንኛ ታስተርጉመው። ወደ እንግሊዝኛ ቢሆን ይበልጥ ይቀናል። የቴፑን ምናሌም በዚያው ዘዴ ገጽ በገጽ ማንበብ ይቻላል። ጃፓንኛውን ቤት ሳሉ በዋይፋይ ካወረዱት ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። «ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ እቀይርልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ግን ቀስ ይበሉ። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው ከመኪናው ጋር የሚመጡ ብዙ ቴፖች ሌላ ቋንቋ ጭራሽ የላቸውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናው ይቁም። ማርሹ ፒ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ይሄን ለደኅንነት ብቻ አይደለም የምለው። አንዳንዱ ቴፕ የእጅ ፍሬን ካልተሳበ የምዝገባውን ገጽ ያደበዝዘዋል፤ ቢጫኑት አይሰማም። ስንት ሰው ወደ ዘጌ እየነዳ ወይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሆኖ ስክሪኑን ይደበድባል መሰለዎት! ሞተሩንም አስቀድመው ያስነሱት። ሞተር ሲነሳ ቴፑ ለአፍታ ኃይል ስለሚያጣ፣ ምዝገባው መሀል ላይ ካስነሱ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

መጀመሪያ መሰረዝ ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፤ ከአንዱ ወገን ብቻ ይሰርዛል። ስልክና ቴፕ ሲጣመሩ አንድ የሚስጥር ቁልፍ ይፈጥሩና ሁለቱም ዘንድ ያስቀምጡታል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚተዋወቁት በእሱ ነው። እርስዎ ከስልኩ ላይ ብቻ ቢሰርዙት፣ አንዱ ውሉን ቀዶ ጥሎ ሌላው ኮፒውን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ተዋዋይ ይሆናሉ። ቴፑ «አውቅሃለሁ» ይላል፣ ስልኩ «እኔ አላውቅህም» ይላል፤ ከዚያ ዝም።

ስለዚህ ከሁለቱም። ቴፑ ላይ የብሉቱዝ ወይም የስልክ ምልክት ወዳለበት ገጽ ይግቡ። ምልክቱ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። የተመዘገቡትን ስልኮች ዝርዝር ያገኛሉ፤ ሁሉንም ይሰርዙ። የልጅዎንም ጭምር። እሷ በኋላ ትገባለች። ከዚያ ሳምሰንግዎ ላይ ሴቲንግ፣ ኮኔክሽን፣ ብሉቱዝ ብለው ይግቡ። የመኪናው ስም ካለ አጠገቡ ያለችውን ባለጥርስ ክብ (የሴቲንግ) ምልክት ይጫኑና «አንፔር» ይበሉት። አይፎን የያዘ ሰው ደግሞ ክብ ውስጥ ያለችውን «አይ» ፊደል ተጭኖ መሣሪያውን እንዲረሳው ያዛል። በልጅዎ ስልክ ላይም የመኪናውን ስም ያጥፉ። ስልኩን አጥፍተው ያብሩ። ቴፑንም እንደዚያው።

ቀጥሎ ምዝገባ። ከቴፑ ይጀምሩ፤ «አዲስ ስልክ መዝግብ» የሚለውን ይጫኑና መጠበቅ ሲጀምር ወደ ስልኩ ይዙሩ። የስልኩን የብሉቱዝ ገጽ ከፍተው እዚያው ያቆዩት። ስልክ ለሌላ መሣሪያ የሚታየው ያ ገጽ ክፍት እስካለ ድረስ ነው። ወደ ቴሌግራም ዘወር ብለው ቢመለሱ ቴፑ ያጣዎታል። ብዙም አይዘግዩ፤ ቴፑ የሚጠብቀው ለተወሰነ ጊዜ ነው፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል።

ሲገናኙ ሁለቱም ላይ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ አንድ ዓይነት መሆኑን ያዩና በሁለቱም ላይ ይቀበሉ። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ «እሺ» ብሎ የቴፑን ይረሳዋል። ቴፑ የቆየ ከሆነ ግን ቁጥር አያመሳክርም፤ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ስክሪኑ ላይ ካልተጻፈ 0000 ወይም 1234 ይሞክሩ።

አንድ የሰፈር ነገር ልጨምር። ገበያ አካባቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ ሆነው ሲፈልጉ ዝርዝሩ ውስጥ ሦስት «ስፓርክ»፣ ሁለት «ጋላክሲ» ሊመጣ ይችላል። የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? የስልክዎን ስም ቀድመው ይቀይሩት። አጭር ይሁን፣ በላቲን ፊደል ይሁን። እነዚህ ቴፖች የእኛን ፊደል አያውቁትም፤ በአማርኛ ቢጽፉት ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው።

ይሄው የፊደል ነገር የስልክ ማውጫው ላይም ይመጣል። ልክ ሲጣመሩ ስልኩ «የስልክ ማውጫህን ለመኪናው ላካፍል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ተቻኩሎ «አይ» ይላል፣ ከዚያ «ስም አያሳይም፣ ቁጥር ብቻ ነው» ብሎ እኔ ጋ ይመጣል። ይፍቀዱለት። ፈቅደውም «እማዬ» ስትደውል ሦስት ሳጥን ከታየ ቴፑ አልተበላሸም። አዘውትረው የሚደውሉላቸውን ሰዎች ስም በላቲን ይጻፉት፤ ከዚህ ሌላ መድኃኒት የለውም። የዘፈን ርዕስም እንደዚያው ነው። ድምፁ እስከወጣ ድረስ በሳጥኑ አይጨነቁ።

ግማሽ መገናኘት የሚባል ነገርም አለ። ጥሪ ይሠራል፣ ዘፈን አይሠራም፤ ወይም የተገላቢጦሽ። ብሉቱዝ ጥሪንና ዘፈንን በተለያየ መንገድ ነው የሚያስተላልፈው። ስልኩ ላይ ከመኪናው ስም አጠገብ ያለችውን ያችኑ ባለጥርስ ክብ ምልክት ይጫኑ፤ ለጥሪ፣ ለድምፅና ለስልክ ማውጫ የተለያዩ ማብሪያዎች ያገኛሉ። የጠፋውን ያብሩ። ቴፑም ከሬዲዮ ወጥቶ ብሉቱዝ ኦዲዮ ላይ መሆኑን ይዩ። የስልኩ የዘፈን ድምፅ ዝቅ ብሎም ሊሆን ይችላል፤ በጣም ቀላል ነው፣ በጣምም ይረሳል።

ይህን ሁሉ አድርገው እምቢ ካለ፣ ስልኩ ላይ የኔትወርክ ሴቲንጉን ወደ መጀመሪያው ይመልሱት። የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችዎና የተጣመሩ መሣሪያዎች ይጠፋሉ፤ ፎቶና መልእክት አይነካም። ተገናኝቶ ዘፈን ማለፍ ካልቻለ ወይም በየደቂቃው ከተቆራረጠ ደግሞ አንድ የተደበቀ ቦታ አለ። ስለ ስልኩ መረጃ የያዘው ገጽ ውስጥ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ብለው ይግቡና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ይንኩት፤ የዴቨሎፐር ምናሌ ይከፈታል። እዚያ «ብሉቱዝ ኤቪአርሲፒ ቨርዥን» የሚለውን (ስልክና ቴፕ የዘፈን ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ደንብ ነው) ፈልገው ወደ 1.4 ወይም 1.3 ያውርዱት። የቆዩ ቴፖች በዚህ ሲግባቡ አይቻለሁ። እዚያ ውስጥ ሌላ ምንም አይንኩ፤ ልጅዎም አትንካ።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ባትሪውን ነቅለህ ስካ፣ ይስተካከላል» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉ። አንዳንዱ የጃፓን ቴፕ ባትሪ ሲነቀል ተቆልፎ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ያለው የመጀመሪያው ባለቤት ዘንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ጃፓን ሄደን አናገኘውም። ያን ጊዜ ብሉቱዝ ፍለጋ ወጥተው ሬዲዮውንም ያጣሉ።

የእርስዎ ባይሆንም ብዙ ሰው የሚያመጣው ሌላ ችግር ስላለ እሱንም ልጥቀስ። ማታ የተጣመረ ስልክ ጠዋት እንደ እንግዳ ይሆናል። ሰዓቱም ዜሮ፣ የተያዘው ጣቢያም የለም። ይህ የስልክ ችግር አይደለም፣ የሽቦ ነው። በኋላ የሚገጠም ቴፕ ሁለት የኃይል ሽቦ አለው፤ ቢጫና ቀይ። ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፤ ቁልፉ ቢወጣም 12 ቮልቱ እንዳለ ነው። የቴፑን ማስታወሻ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ነው። ገጣሚው ሁለቱን ካቀያየራቸው፣ ወይም ሁለቱንም ከቁልፉ መስመር ጋር ከቋጠራቸው፣ ቁልፍ ባወጡ ቁጥር ቴፑ ሁሉንም ይረሳል። ሁለቱንም ከባትሪው ጋር ከቋጠራቸው ደግሞ ጠዋት መኪናው አይነሳም። የቶዮታ የራሱ ሽቦ ቀለም ከዚህ የተለየ ስለሆነ በቀለም አይፈረድም። ቁልፉን አውጥቶ በቴስተር መለካት ነው።

ለዚህም ነው «አንድሮይድ ስክሪን ያስገቡ» ሲሉዎት ቀስ ይበሉ የምለው። አንድ ቀን ማስገባትዎ ካልቀረ፣ ገጣሚው የቪትዙን ሶኬት ሳይቆርጥ በአስማሚ ሶኬት እንዲያገናኝ ቀድመው ይነጋገሩ። ፒንሳ ይዞ ሶኬቱን ቆርጦ በፕላስተር የሚጠቀልል ሰው ያናድደኛል። ከሱ በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪሺያን ሽቦ ሲለቅም ይውላል።

ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ለመሰንበት ከፈለጉ ደግሞ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ የኤፍ ኤም ማስተላለፊያ አለ። ስልኩ ከሱ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል፤ እሱ ለሬዲዮው በኤፍ ኤም ይልካል። እዚህ ላይ የጃፓን መኪና አንድ ወጥመድ አለው። ለጃፓን የተሠራው ሬዲዮ የሚይዘው በአብዛኛው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው። የአገራችን ጣቢያዎች ብዙዎቹ ከ90 በላይ ስለሆኑ ነው ሬዲዮዎ ዝም የሚለው። ማስተላለፊያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ87.5 ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። 88.3 ላይ ያድርጓቸው፤ የሚረብሽ ድምፅ ካለ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። የድምፁ ጥራት ከብሉቱዝ ያንሳል፣ ግን ጎንደር ድረስ ያደርስዎታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሳካ ጋራዥ ሲሄዱ መኪናውን ብቻ አይውሰዱ። አዲሱንም አሮጌውንም ስልክ ይያዙ፤ ልጅዎ የቀረጸችው ቪዲዮም አይረሳ። ባለሙያው አዲሱን ስልክ ሌላ መኪና ላይ፣ ሌላ ስልክ ደግሞ እርስዎ መኪና ላይ ይሞክረው። ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በደቂቃዎች ይለያል። ይህን ሳይሞክር ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) መፍታት ከጀመረ ቁልፍዎን ተቀብለው ይምጡ።