ካርታው በእሱ ስም ከሆነ ቤቱ የእሱ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከልጄ አባት ጋር 11 ዓመት አብረን ኖረናል። ሰርግ አልደገስንም፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትም የለንም። ሽማግሌ ግን ልኮ ወላጆቼ መርቀው ሰጥተውኛል። ከዚያ በኋላ ቤት ሠራን፤ ካርታው በእሱ ስም ወጣ። አሁን ተጣላንና «ሕጉ አያውቅሽም፣ ውጪልኝ» ይለኛል። አጎቴም የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ ገልጦ «ሳይጋቡ የኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት የላቸውም» አለኝ። እውነት ባዶ እጄን ልወጣ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ምንም ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ። አጎትዎ ያነበቡት ነገር መጽሐፉ ላይ አለ። ክፍሉ ግን ከተሻረ ቆይቷል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ለውል፣ ለውርስ፣ ለንብረት ዛሬም ችሎት ላይ የምንጠቅሰው እሱኑ ነው። ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፤ መጽሐፉ እየሠራ ውስጡ ያለው የቤተሰብ ክፍል ግን አይሠራም። በዚያ ክፍል አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስት ደግሞ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። ጋብቻ ሳይፈጽሙ አብረው ለኖሩ ደግሞ የጋራ ንብረት የሚባል ነገር አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ መጣ። አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው አለ። አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ደነገገ። ያም ሆኖ የቤተሰብ ሕጉ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርና ሌሎች ሴቶች ይሻሻል ብለው ወተወቱ፣ አደባባይም ወጡ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ እርስዎ የሚከራከሩበትን አንቀጽ እነዚያ ሴቶች ታግለው ያመጡት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ሕግ ደግሞ በመርህ ደረጃ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሠራም። የእናንተ 11 ዓመት በሙሉ ከ1992 ዓ.ም. በኋላ ስለሆነ የትኛው ሕግ ይግዛን የሚል ክርክር የለም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻን በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸም ጋብቻን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሽማግሌው ቀላል ነገር አይደለም፤ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። የምስክር ወረቀት አለመኖሩ ጋብቻ አልነበረም ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ይህን ባይቀበል እንኳ ሁለተኛ መንገድ አለዎት። በአንቀጽ 102 መሠረት እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት አላቸው። ካርታው በእሱ ስም መሆኑ ብቻ ቤቱን የግሉ አያደርገውም።

ዋናው ሥራ ማስረጃ ላይ ነው። ያለ ማስረጃ እውነት ይዞ የተረታ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ሽማግሌ ሆነው የመጡትንና የመረቁዎትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ይጻፉ። የእድር መዝገቡን ይጠይቁ፤ «ባለቤት» ተብሎ ስምዎ ሰፍሮ ከሆነ ኮፒውን ይያዙ። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና የባንክ ወረቀት አብራችሁ መኖራችሁን ለማስረዳት ይረዳሉ፤ የብሎኬትና የሲሚንቶ ደረሰኝ ደግሞ፣ የገዛው ማንም ይሁን ማን፣ ግንባታው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደነበር ያሳያል።

ከዚያ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ክስ ያቅርቡ። ከክሱ ጋር አብረው እግድ፣ ማለትም ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ የሚከለክል ትእዛዝ፣ ይጠይቁ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ይፈቅዳል። ትእዛዙ ካርታውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት እስካልደረሰ ድረስ ቤቱ ሊሸጥ ይችላልና ይህን አያዘግዩ። የልጁን ቀለብም አብረው ይጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በጋብቻ የተወለደና ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ እኩል ነው ስለሚል፣ የንብረት ክርክሩ በየትኛውም መንገድ ቢያልቅ የልጁ መብት አይነካም።